ዲበገር የክሮችን ሁኔታ ሲስት

ፕሮግራማችን እምቢ ሲለን፤ መልሱ ሲዛባ ወይም ከመካከል ቀጥ ብሎ ሲቀር ወደ ዲበገር እንሮጣለን። «እዚህ መስመር ላይ አቁምልኝ» እንለዋለን፤ ያቆምልናል። «የዚህን ዋጋ አሳየኝ» እንለዋለን፤ ያሳየናል። ያሳየንንም ሳንጠራጠር እንቀበላለን፤ ምክንያቱም ዲበገር በእኛና በፕሮግራማችን መካከል የተቀመጠ ምስክር ነው ብለን ስለምናምን ነው። ነገር ግን ምስክሩ ራሱ በሰው እጅ የተጻፈ ፕሮግራም ስለ ሆነ እንደ ማናቸውም ፕሮግራም ይሳሳታል። ምስክር ሲሳሳት ደግሞ የሚጎዳው ንጹሑ ነው።

ዲበገር ከሚሳሳትባቸው ቦታዎች አንዱና አስቸጋሪው ብዙ ክሮች ያሉትን ፕሮግራም ሲከታተል ነው። የትኛው ክር ቆሟል? የትኛው ይሄዳል? የትኛውስ ሞቷል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ ዲበገር ተማሪውን በራሱ ፕሮግራም ውስጥ የሌለ ጥፋት ሲያስፈልገው ያድራል። ከዚህም የሚከፋው ደኅናውን ፕሮግራም ራሱ ሊያበላሸው መቻሉ ነው። ይህ ጽሑፍ ስሕተቶቹ እንዴት እንደሚወለዱና እንዴት እንደሚታረሙ ያስረዳል። ምሳሌ አድርገን የምንወስደው በሊነክስ ላይ የሚሠራውን ጂዲቢ የተባለውን ዲበገር ነው፤ ምንጩ ለሁሉም ክፍት ስለ ሆነ የተባለውን ሁሉ ማንም ተማሪ ከፍቶ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ክርና ዲበገር

ክር ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ለብቻው የሚጓዝ የትእዛዝ ተራ ነው። ክሮች የፕሮግራሙን ሜሞሪ በጋራ ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ስታክና የራሱ የትእዛዝ አመልካች አለው። የትእዛዝ አመልካች የምንለው ክሩ አሁን የትኛው ትእዛዝ ላይ እንደ ደረሰ የሚያሳየውን ቁጥር ነው። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ፤ እውነት ነው። ድሩ ቢጠላለፍ ግን የሚታሰረው አንበሳው ሳይሆን ሸማኔው ነው።

የክሮች አሠራር በፖዚክስ ደንብ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በሊነክስ ላይ በመጀመሪያ «ሊነክስትሬድስ» የተባለው ሥራ ሲያገለግል ቆይቶ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ከወጣው ከሊነክስ 2.6 ጋር «ኤንፒቲኤል» የተባለው ተተካ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የፕሮግራሙ ክር በከርነሉ ዘንድ የራሱ ቁጥር ያለው አንድ ተራማጅ ሆኖ ይቆጠራል። በዚህ ጽሑፍ ሦስት ክሮች እንደ ምሳሌ እንይዛለን፤ ቁጥራቸውም 4101፤ 4102ና 4103 ይሁን።

ጂዲቢን እ.ኤ.አ. በ1986 መጀመሪያ የጻፈው የግኑ ሥራ ጠንሳሽ ሪቻርድ ስቶልማን ነው። ጂዲቢ ከሚመረምረው ፕሮግራም ውስጥ አይኖርም፤ ከውጭ የቆመ ሌላ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ሊያቆም፤ ሊለቅ፤ ሊያነብና ሊጽፍ የሚችለው ከርነሉን እየለመነ ነው። የሚለምንበትም በር «ፒትሬስ» ይባላል። ፒትሬስ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው በስድስተኛው ዩኒክስ ላይ የተጀመረ ነው። ልብ እንበል፤ በሩ የተሠራው ክር የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን፤ አንድን ፕሮግራም በአንድ መንገደኛ ቆጥሮ ነው። ዛሬ በዚያው በር መቶና ሁለት መቶ ክር ይተላለፍበታል። የብዙው ችግር ሥሩ ይህ ነው።

የዘበኛው መዝገብ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በአንድ የተማሪዎች መኖሪያ በር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ እናስብ። ከተቀመጠበት ሆኖ መኝታ ክፍሎቹን ሊያይ አይችልም። በእጁ ያለው አንድ መዝገብ ብቻ ነው። መልእክተኛ መጥቶ «እገሌ ተኝቷል» ሲለው ይጽፋል፤ «እገሌ ወጥቷል» ሲለው ይጽፋል። እናንተም ስለ ጓደኛችሁ ብትጠይቁት የሚነግራችሁ መዝገቡን አይቶ እንጂ ሰውየውን አይቶ አይደለም።

ዲበገርም እንዲሁ ነው። ክሩ ሲቆም፤ ሲወለድ ወይም ሲሞት ከርነሉ ወሬውን ያስቀምጥለታል፤ ዲበገሩም «ዌይትፒድ» በተባለው ጥሪ ወሬውን አንድ በአንድ ያነሣል፤ መዝገቡንም ያርማል። እንግዲህ በመዝገቡና በእውነቱ መካከል ሁልጊዜ የጊዜ ልዩነት አለ።

ከዚህ ላይ አንድ ታላቅ ነገር እናገኛለን። «ክሩ ቆሟል» የሚለው ጽሑፍ እውቀት ነው፤ የቆመው ክር ዲበገሩ ራሱ እስኪለቀው ድረስ ከቦታው አይነቃነቅምና። «ክሩ ይሄዳል» የሚለው ግን ግምት ብቻ ነው። ዲበገሩ ከለቀቀው በኋላ ክሩ ወዲያው ቆሞ፤ የመቆሙ ወሬ ገና በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። የቆመውም ቢሆን እውቀቱ የሚፈርስበት አጋጣሚ አለ፤ ፕሮግራሙ በማያመልጡት ሲግናል በቁጥር 9 ከተገደለ የቆሙትም ክሮች አብረው ይሞታሉ። እውቀቱንና ግምቱን አንድ አድርጎ የጻፈ የዲበገር ሠራተኛ ስሕተቱን ያን ቀን ዘራ።

ሦስት መልክ ያለው ሁኔታ

ጀማሪ ሰው ለእያንዳንዱ ክር አንድ ምልክት ይበቃል ብሎ ያስባል፤ ወይ ቆሟል ወይ ይሄዳል። በሥራ ሲገባ ግን አንዱ ምልክት አይበቃም። የአንድ ክር ሁኔታ ሦስት መልክ አለው።

አንደኛው በከርነሉ ዘንድ ያለው እውነት ነው። ሁለተኛው ዲበገሩ ለራሱ ሥራ የሚይዘው እምነት ነው። ሦስተኛው ለተጠቃሚው የሚነገረው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለምን ይለያሉ? ተጠቃሚው «ቀጣዩ መስመር ድረስ ሂድ» ሲል አንድ መስመር በማሽኑ ቋንቋ ሠላሳ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። ዲበገሩ ክሩን አንድ ትእዛዝ አራምዶ ያቆማል፤ ይመለከታል፤ እንደገና ይለቃል። ክሩ በውስጥ ሠላሳ ጊዜ ሲቆምና ሲሄድ ለተጠቃሚው ግን አንድ ጉዞ ነው፤ መስመሩ እስኪያልቅ «ይሄዳል» መባል አለበት። ስለዚህ ጂዲቢ ለውስጥ አንድ ምልክት፤ ለተጠቃሚው ሌላ ምልክት ለየብቻ ይይዛል።

በድሮው አሠራር አንዱ ክር ሲቆም ሁሉም ይቆማሉ፤ ስለዚህ ምልክቶቹ ቢዛቡ እንኳ ብዙ ጊዜ አይታወቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጂዲቢ 7.0 ግን አንዱ ቆሞ ሲመረመር ሌሎቹ እንዲሄዱ የሚያደርግ አሠራር አመጣ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ክር የራሱ ሁኔታ ስላለው በአንዱ ምልክት ላይ የደረሰ ጥፋት ወዲያው በተጠቃሚው ፊት ይገለጣል። እንግዲህ ጥፋቶቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

ልጅ ከልደቱ ወሬ ቀድሞ ሲመጣ

ክር 4101 አዲስ ክር ሲፈጥር ከርነሉ ለዲበገሩ ሁለት ወሬ ይልካል። አንዱ ከወላጁ ነው፤ «4102 የተባለ ክር ወልጃለሁ፤ ቆሜ እጠብቃለሁ» ይላል። ሁለተኛው ከልጁ ነው፤ «እኔ 4102 ቆሜአለሁ» ይላል። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው የወላጁ ወሬ እንዲቀድም ነው። ነገር ግን ሁለቱ ክሮች በተለያየ ፕሮሰሰር ላይ ስለሚሄዱ የልጁ ወሬ ሊቀድም ይችላል።

በዚያን ጊዜ ዲበገሩ በመዝገቡ ላይ የሌለ ስም ይሰማል። «ይህን አላውቀውም» ብሎ ወሬውን ከጣለው ጥፋቱ ተፈጸመ። ቀጥሎ የወላጁ ወሬ ሲደርስ ዲበገሩ 4102ን መዝግቦ የመቆሙን ወሬ መጠበቅ ይጀምራል፤ ወሬው ግን ቀድሞ መጥቶ ተጥሏል። ዲበገሩ ለዘለዓለም ሲጠብቅ ይኖራል፤ ተማሪው ደግሞ «ፕሮግራሜ ታነቀ» ይላል።

መፍትሔው ያልታወቀን ወሬ አለመጣል ነው። ጂዲቢ ለዚህ ብሎ አንድ ትንሽ ዝርዝር ይይዛል፤ ባለቤቱ ያልታወቀ የመቆም ወሬ ሲመጣ ቁጥሩንና ወሬውን እዚያ ያስቀምጣል። የወላጁ ወሬ ሲደርስ አስቀድሞ ዝርዝሩን ያያል፤ ልጁ እዚያ ካለ ከዚያ አንሥቶ «ቆሟል» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ከሌለ ይጠብቀዋል። በሁለቱም ቅደም ተከተል መጨረሻው አንድ ነው። የማረሚያው ሥራ ጥቂት መስመር ነው፤ ጥፋቱን ማግኘት ግን ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ ከሺህ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነውና የሚከሠተው።

የተረሳው ሲግናል

ክር 4101 መቆሚያ ምልክት ላይ ደርሶ ቆመ እንበል። ሁሉም ይቁሙ ከተባለ ዲበገሩ ለ4102 ሲግስቶፕ የተባለውን ሲግናል ይልካል፤ ቁጥሩ በተለመደው ፒሲ 19 ነው። ከዚያም 4102 እስኪቆም ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ሲግናሉ ከመድረሱ በፊት 4102 ራሱ ሌላ መቆሚያ ምልክት ረግጦ ነበር። ስለዚህ የመጣው ወሬ በ19 ሳይሆን በቁጥር 5፤ ማለት በሲግትራፕ ቆመ የሚል ነው።

4102 በእርግጥ ቆሟል። ነገር ግን ሁለት ዕዳ ቀርቷል። አንደኛ፤ 5 ቁጥሩ ወሬ ለተጠቃሚው አልተነገረም፤ እርሱ የተነገረው ስለ 4101 ብቻ ነው። ይህ ወሬ በይደር መያዝ አለበት። ሁለተኛ፤ 19 ቁጥሩ ሲግናል ገና በከርነሉ ውስጥ ተቀምጧል። ዲበገሩ «ቆመ አይደል?» ብሎ ይህን ከረሳው ተጠቃሚው «ቀጥል» ባለ ጊዜ 4102 አንድ ትእዛዝ እንኳ ሳይራመድ በ19 ይቆማል። ለተጠቃሚውም «ፕሮግራምህ ሲግስቶፕ ደረሰው» የሚል ማንም ያልላከው ሲግናል ይነገረዋል። ዲበገሩ ሲግናሉን ለፕሮግራሙ ካሳለፈው ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ፕሮግራሙ በሞላው ቀጥ ይላል።

መፍትሔው በመዝገቡ ላይ «ለዚህ ክር 19 ልኬአለሁ፤ ገና አልደረሰም» የሚል ምልክት ማኖር ነው። ምልክቱ እያለ 19 ሲመጣ ዲበገሩ ዋጥ ያደርገዋል፤ ምልክቱን ይሰርዛል፤ ክሩንም በዝምታ ይለቃል። ምልክቱ ሳይኖር የመጣው 19 ግን ከሌላ ሰው የተላከ እውነተኛ ሲግናል ነውና ለተጠቃሚው ይነገራል።

አንዳንድ ሰው ከጥንቃቄ የተነሣ «ስንት ጊዜ እንደ ላክሁ ልቁጠር» ሊል ይችላል። ይህም ስሕተት ነው። በዩኒክስ እነዚህ የተለመዱት ሲግናሎች አይደራረቡም፤ ያልደረሰ 19 እያለ ሌላ 19 ቢላክ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ሁለት የቆጠረ ዲበገር ሁለተኛውን ሲጠብቅ ይቀራል፤ ወይም የሌላውን ሰው ሲግናል ይውጣል። ስለዚህ ምልክቱ አለ ወይም የለም እንጂ ቁጥር ሊሆን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሊነክስ 3.4 ሲግስቶፕ ሳይላክ ክርን ማቆም የሚቻልበትን አዲስ የፒትሬስ ትእዛዝ የጨመረው ይህን የመሰለውን ውዝግብ ለማቃለል ነው።

ሁለት ክሮች በአንድ ወጥመድ

የመቆሚያ ምልክት እንዴት ይሠራል? በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ዲበገሩ ከትእዛዙ የመጀመሪያውን ባይት ያነሣና በምትኩ ዋጋው 204 የሆነ ባይት ያስገባል። ክሩ ይህን ሲረግጥ ይቆማል። ወጥመዱ በ1000 ላይ ቢሆን ባይቱን ስላለፈው የትእዛዝ አመልካቹ 1001 ያሳያል፤ ዲበገሩ አንድ ቀንሶ ወደ 1000 ሊመልሰው ይገባል።

አሁን 4101ና 4102 ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ወጥመዱን ረገጡ እንበል። የ4101 ለተጠቃሚው ተነገረ፤ የ4102 በይደር ተያዘ። ተጠቃሚው «ይህ መቆሚያ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» ብሎ ሰረዘው፤ «ቀጥል»ም አለ። በይደር የተያዘው ወሬ ምን ይሁን? ለተጠቃሚው ቢነገር በሌለ መቆሚያ ላይ ቆመ ይሆናል። አመልካቹ ሳይመለስ ወሬው ቢጣል 4102 ጉዞውን ከ1001፤ ከትእዛዙ እኩሌታ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሠራ ማንም አያውቅም። ደኅና የነበረው ፕሮግራም በዲበገሩ ምክንያት ፈረሰ ማለት ይህ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሦስት ነገር መመዝገብ ነው፤ ክሩ ለምን እንደ ቆመ፤ የት እንደ ቆመና አመልካቹ መታረሙን። ክሩ በቆመበት ቅጽበት አመልካቹ ወደ 1000 ይመለሳል። ሊለቀቅ ሲል ዲበገሩ ይጠይቃል፤ አመልካቹ አሁንም 1000 ላይ ነው ወይ? ወጥመዱስ አሁንም አለ ወይ? ከሁለቱ አንዱ ካልሆነ ወሬው አርጅቷልና ይጣላል፤ ክሩም ከ1000 ንጹሕ ትእዛዝ ይጀምራል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የፍትሕ ነገር አለ። በይደር የተያዙ ወሬዎች ብዙ ሲሆኑ ዲበገሩ ሁልጊዜ ከመዝገቡ ራስ ላይ ያለውን ቢያነሣ የመጀመሪያው ክር ብቻ ሲሰማ የኋለኛው ተራ አያገኝም። ጂዲቢ ስለዚህ ወሬ ካላቸው ክሮች መካከል አንዱን በዕጣ ይመርጣል።

ቆሞ ሳለ «ይሄዳል» የተባለው ክር

ከላይ ለተጠቃሚው የሚነገረው ምልክት ከውስጡ ምልክት እንደሚለይ አይተናል። ጉዞው ሲያልቅ ሁለቱ መስማማት አለባቸው። የሚያስማማቸው ትእዛዝ ከጉዞው መጨረሻ ላይ ተጽፏል እንበል። በመካከል ግን ስሕተት ቢነሣ፤ ለምሳሌ ዲበገሩ ሊነበብ የማይቻል የሜሞሪ አድራሻ ቢያነብ፤ ሥራው ተቋርጦ ወደ ተጠቃሚው ይመለሳል። መጨረሻ ላይ የተጻፈው ትእዛዝ ሳይነካ ቀረ።

ውጤቱ አስቂኝም አሳዛኝም ነው። ክሩ ቆሟል፤ ዲበገሩም በውስጡ መቆሙን ያውቃል፤ ለተጠቃሚው ግን «ይሄዳል» ይላል። ተጠቃሚው «ስታኩን አሳየኝ» ቢል «የተመረጠው ክር በመሄድ ላይ ነው» ተብሎ ይከለከላል። «አቁመው» ቢል የሚቆም የለም።

ይህን ለማረም የሚቸኩል ሰው ስሕተት በተነሣበት ቦታ ላይ «ቆሟል በል» የሚል መስመር ይጨምራል። ዛሬ ያንን ጥፋት ያድናል፤ ነገ ግን ስሕተት በሌላ ቦታ ይነሣል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ነው። ጂዲቢ የወሰደው መንገድ የተሻለ ነው። ሥራው ሲጀመር አንድ ዋስ ይቆማል። ከሥራው የሚወጣው በማናቸውም በር ቢሆን፤ በደኅናም በስሕተትም፤ ዋሱ የተጠቃሚውን ምልክት ከውስጡ ጋር አስማምቶ ይወጣል። ሥራው ገና የሚቀጥል ከሆነ ብቻ ዋሱ በግልጽ ይሰናበታል። ቀድሞ ይህ በሲ ቋንቋ በማጽጃ ዝርዝር ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጂዲቢ 8.0 ሲፕላስፕላስ 11ን ግዴታ ካደረገ ወዲህ ግን ነገሩ ሲፈርስ የሚያስማማ ዕቃ ሆኖ ተጽፏል። ትምህርቱም ይህ ነው፤ ሁለት ምልክት የሚስማማበትን ቦታ በሰው ማስታወስ ላይ አትጣሉት።

የሞት ወሬ

ክር ሲሞት መዝገቡ ይበልጥ ይፈተናል። ሦስት አጋጣሚ እንመልከት።

የመጀመሪያው የፕሮግራሙ ቀዳሚ ክር፤ 4101፤ ሥራውን ፈጽሞ ሲወጣ ሌሎቹ የሚቀጥሉበት ነው። ከርነሉ የቀዳሚውን ሞት ሌሎቹ ሁሉ ካልሞቱ አያሳውቅም። ዲበገሩ «ሁላችሁም ቁሙ» ብሎ የ4101ን መልስ ቢጠብቅ የሞተን ሰው መልስ መጠበቅ ይሆናል። መፍትሔው ከርነሉ የክሮችን ሁኔታ ከሚያሳይበት «ፕሮክ» ከሚባለው ማውጫ ቀዳሚው ዞምቢ መሆን አለመሆኑን ማየት ነው።

ሁለተኛው 4103 «ኤክሴክ» ብሎ ፕሮግራሙን በሌላ ፕሮግራም ሲተካ ነው። ከርነሉ ሌሎቹን ክሮች ሁሉ ያጠፋል፤ 4103 ደግሞ የቀዳሚውን ስም 4101ን ይወርሳል። በዲበገሩ መዝገብ 4103 ያለ ሞት ወሬ ጠፋ፤ ሞቷል የተባለው 4101 ተነሣ። ስለዚህ በመጀመሪያው አጋጣሚ «ሞቷል» ብለን የሰረዝነውን ቀዳሚ የኤክሴክ ወሬ በስሙ ሲመጣ መልሰን ለመጻፍ ዝግጁ መሆን አለብን፤ የቀሩትንም መስመሮች መደምሰስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው ከሊነክስ 3.0 ጀምሮ ከርነሉ ስሙን የወረሰው ክር የቀድሞ ቁጥሩ ማን እንደ ነበር ሲጠየቅ ይናገራል።

ሦስተኛው የቁጥር መመለስ ነው። በሊነክስ ላይ ቁጥሮቹ ወሰን አላቸው፤ ቀድሞ የተለመደው 32768 አጠገብ ነበር፤ ወሰኑ ሲደርስ ከርነሉ ነጻ የሆኑትን ከታች ጀምሮ እንደገና ያድላል። አጫጭር ክሮችን በብዛት የሚፈጥር ፕሮግራም ይህን ወሰን በቶሎ ይዞረዋል። የሞተው 4102 ከመዝገቡ ሳይፋቅ አዲስ 4102 ቢወለድ ዲበገሩ የሟቹን ታሪክ ለሕፃኑ ይሰጠዋል። ስለዚህ አዲስ ስም ሲጻፍ በዚያ ቁጥር አሮጌ መስመር ቢገኝ አስቀድሞ ሊዘጋ ይገባል።

እንዴት እናርመው?

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚወጣ የሥራ ሥርዓት አለ።

በመጀመሪያ ጥፋቱን ደጋግሞ ማስነሣት ነው። አንድ ጊዜ ታይቶ የጠፋ ጥፋት ታረመ ሊባል አይቻልም። ክሮችን የሚወልድና የሚገድል አጭር ፕሮግራም ጻፉ፤ ዲበገሩን በእርሱ ላይ ሺህ ጊዜ የሚያስኬድ ትእዛዝ አዘጋጁ። ጥፋቱ እምቢ ካለ በተጠረጠሩት በሁለቱ የዲበገሩ እርምጃዎች መካከል አጭር የእንቅልፍ ጥሪ አስገቡ፤ ጠባቡ በር ይሰፋል፤ ጥፋቱም ይታያል። ይህ ለምርመራ ብቻ ነው። እንቅልፍን እንደ መድኃኒት አድርጎ በዲበገሩ ውስጥ መተው ግን በሽታውን መደበቅ እንጂ ማዳን አይደለም።

ሁለተኛ ሦስቱን መልኮች ጎን ለጎን ማኖር ነው። የተጠቃሚውን መልክ «ኢንፎ ትሬድስ» የሚለው ትእዛዝ ያሳያል፤ የውስጡን ጉዞ «ሴት ዲበግ ኢንፍረን» የሚለው ሲበራ ያትመዋል፤ የከርነሉን እውነት «ፕሮክ» ውስጥ ከክሩ ስም ሥር ማንበብ ይቻላል። ሦስቱ መጀመሪያ የተለያዩበት ቅጽበት የጥፋቱ መወለጃ ነው፤ ተጠቃሚው ያየበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ እጅግ የራቀ ነው። ማተሙ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ጥፋቱን ሊያሸሸው እንደሚችልም አትዘንጉ፤ እንዲያ ከሆነ ወሬውን በሜሞሪ አከማችቶ በመጨረሻ ማተም ይሻላል።

ሦስተኛ ሠንጠረዥ መሥራት ነው። በአንድ ወገን ሁኔታዎቹን፤ በሌላው ወገን ሊመጡ የሚችሉትን ወሬዎች ጻፉ። እያንዳንዱን ሣጥን «ይህ በዚህ ላይ ቢመጣ ምን ይደረጋል?» እያላችሁ ሙሉ። «ይህ ሊሆን አይችልም» ያላችሁት ሣጥን ከሁሉ በፊት ሊመረመር ይገባል፤ ልጁ ከወላጁ ወሬ መቅደሙ ሊሆን አይችልም ከተባሉት አንዱ ነበርና።

አራተኛ ምልክት የሚለወጥበትን ቦታ አንድ ማድረግ ነው። በሃያ ቦታ የሚለወጥ ምልክት ሃያ ጠባቂ ይፈልጋል። በአንድ ቦታ ከሆነ ግን እዚያው ላይ «የቆመን ክር ሁለት ጊዜ አታቁም፤ የሞተን አትልቀቅ» የሚል ማረጋገጫ ማኖር ይቻላል። ማረጋገጫው ሲጣስ ዲበገሩ ጮኾ ይቆማል። ጮኾ የቆመ ዲበገር ያናድዳል፤ ዝም ብሎ ከሚዋሽ ግን ይሻላል።

በመጨረሻም መፈተኛውን አለመጣል ነው። ጂዲቢ ለክሮች ብቻ የተለየ የፈተና ማውጫ አለው፤ ጥፋት ሲታረም ጥፋቱን ያስነሣው አጭር ፕሮግራም እዚያ ይጨመራል። ነገ ሌላ ሰው ሳያውቅ ያንኑ ጥፋት ቢመልሰው ፈተናው ይናገራል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። የክሮች ጥፋት ብዙውን ጊዜ እየተሮጠ ከታጠቀ ሐሳብ ይመጣል፤ አንዱ ነገር ከሌላው ይቀድማል ብሎ ሳያረጋግጡ ከማመን። ይህ በዲበገር ብቻ የሚቀር አይደለም። ከሩቅ ያለን ነገር በወሬ የሚከታተል ፕሮግራም ሁሉ፤ የባንክ ሒሳብ ቢሆን፤ የስልክ መሥመር ቢሆን፤ የአየር መንገድ ትኬት ቢሆን፤ ያው የዘበኛው መዝገብ አለው። ወሬ ይዘገያል፤ ወሬ ይቀዳደማል፤ ወሬ ያረጃል። መዝገቡን የሚጽፍ ሰው የሚያውቀውን ከሚገምተው ለይቶ ይጻፍ። እኛም ዲበገሩ «ይሄዳል» ባለን ጊዜ፤ ፕሮግራማችንን ከመውቀሳችን በፊት፤ «በምን አወቅህ?» ብለን እንጠይቀው። ምንጩ ክፍት ነው፤ መልሱንም እዚያው እናገኘዋለን።